ዋንዛው በኤግዚቢትነት ተይዟል

ለ፦ በምዕራብ ሸዋ ለሚገኝ፣ ስሙን ለማልጠራው የከተማ ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ አንድ እግር ዋንዛን ይመለከታል

ክቡራን ሆይ፣

ስማችሁን ያልጠራሁት ለክብራችሁ ስል ነው። ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ በአስፋልቱ ዳር ያሉ ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ ደብዳቤው ለእነሱ የተጻፈ መስሏቸው ቢደነግጡም ጉዳት የለውም።

እኔ በዋናው መንገድ፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምውል ልብስ ሰፊ ነኝ። የእኛን መስመር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል። ያን ጊዜ ገበያተኛው ወደ ማዶ ይሻገራል። የማዶው ነጋዴ ከእኔ የተሻለ ጨርቅ የለውም፤ ያለው ጥላ ነው። እኔ በር ላይ የምሰቅለው ሱፍ በአንድ በጋ ቀለሙ ይሸሻል። ስለዚህ ካቻምና ክረምት ከጎረቤቶቼ ጋር ተማክረን አንድ ዋንዛ ተከልን። ባለ ሻይ ቤቷ ብርጭቆ ያለቀለቀችበትን ውኃ አጠጣችው፤ ጫማ ሻጩ ከፍየል የሚከልል ሽቦ አመጣ። ዘንድሮ ጥላው ለሁለት በርጩማ በቃ። ከገበያ የሚመለሱ እናቶች አረፍ ይሉበት ጀመር፤ አረፍ ያለ ሰው ደግሞ ዙሪያውን ያያል። አንዷ እዚያው እንደተቀመጠች የልጆቿን ዩኒፎርም አዘዘችኝ። የገበያ ዛፍ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ዐውደ ጥናት ያስፈልገዋል ከተባለ አበሉ ለእናንተ ይሁን።

ደንብ አስከባሪዎቻችሁ በገበያ ቀን መጡ። «ማን ፈቀደልህ?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ ነቀሉት። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ወረቀት ባላባከንኩ። «ኤግዚቢት ነው፤ ተሸክመህ ተከተለን» ተባልኩ። ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ ዋንዛ ከነሥሩ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ አፈሩ በኮሌታዬ እየገባ፣ በገበያው መካከል አለፍኩ። አንድ ሊስትሮ «ጋሼ፣ ዛሬ ሆሳዕና ነው እንዴ?» አለኝ። ገበያው ሳቀ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

በራችሁ ላይ ጥበቃው እኔን ፈትሾ ሲያበቃ ዛፉንም ፈተሸው። ለጸጥታ ያለውን ትጋት አደንቃለሁ። ግቢያችሁማ እንዴት ያምራል! ሣሩ ተከርክሟል፣ ጽጌረዳው ፈክቷል፣ መኪኖቻችሁ ከጃካራንዳው ሥር እንደ ወላድ ላም አርፈዋል። ባለ ጉዳይ ተራውን የሚጠብቀው ግን ቆርቆሮ ሥር ነው።

የመጀመሪያው ክፍል «ዛፍ እኛን አይመለከትም» አለኝ። ቀጣዩ «መሬቱ ይመለከተናል፣ ዛፉ ግን አይመለከተንም» አለ። ዋንዛዬን ተሸክሜ በኮሪደራችሁ ስወጣና ስወርድ፣ በየመቃኑ እየተጋጨ ቅጠሉ ረገፈ። በመጨረሻ ኃላፊው ብቅ አሉ። ያዩት ወለሉን እንጂ እኔን አልነበረም። «ማነው ይህን ያቆሸሸው?» አሉ። ከዚያ በዕድሜ ልጄ የሚሆኑት ኃላፊ መጥረጊያ አስመጡልኝና «ጥረገው!» አሉኝ። አንተ ብለው። የጽዳት ሠራተኛዋ «አባ ኮ፣ ኧረ እኔ ልጥረገው» ብላ ልትቀበለኝ እጇን ስትዘረጋ እሷንም ተቆጧት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እያየኝ ጠረግኩ። ከመካከላቸው የሠርግ ሱፉን የሰፋሁለት ወጣት ነበረበት፤ እንዳላፍር ብሎ የማስታወቂያ ሰሌዳውን የሚያነብ መሰለ።

የተቀጣሁት «በጽዳት ጉድለት» ነው። ደረሰኙ ማኅተም አለው፤ ማኅተሙ አይነበብም።

ኃላፊው ሲሸኙኝ ምክርም አልነፈጉኝም። ኮሪደር ልማት ሲመጣ ዘንባባ ይተከላል፣ ዋንዛ «የከተማ ዛፍ አይደለም» አሉኝ። ክቡራን፣ ዘንባባ ለፎቶግራፍ ይመቻል፤ ሥሩ ተቀምጦ ቁልፍ የሚተክል ሰው ግን አናቱ ይቃጠላል። የከተማ ዛፍ ማየት ከፈለጋችሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውረዱ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ሰው በእግሩ ሲንሸራሸር የምታዩት መንገዱ ዳርና ዳር ጥላ ስላለው ነው። ጥላ ያረፈበት ወለል ፀሐይ ከሚመታው ከ11 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊቀዘቅዝ እንደሚችል የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጽፏል። ካትሊን ዎልፍ የተባሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪም ገዢዎችን ጠይቀው፣ ዛፍ ባለበት የገበያ ጎዳና ለዚያው ዕቃ ከ9 እስከ 12 በመቶ ጨምረው ለመክፈል ፈቃደኞች ሆነው አግኝተዋቸዋል። እኔ በአምቦ መንገድ ላይ 12 በመቶ የሚጨምር ደንበኛ አይቼ አላውቅም፤ ሳይከራከር የሚከፍል ቢገኝ ይበቃኛል።

እዚሁ ዞናችን ያለችውን አዲስ ዓለምንም አስቧት። አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ ከተነሡባቸው ምክንያቶች አንዱ አዲስ አበባን የማገዶ እንጨት ስለቸገራት ነበር፤ አዲስ አበባን በቦታዋ ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ዛፍ ማጣት ቤተ መንግሥት ሊያስነቅል ደርሶ ነበር፤ እናንተን ግን ከወንበራችሁ አያነቃንቃችሁም። ዋንዛ ደግሞ በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነበር፤ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል በቴሌቪዥን ሰምተናል። ከዚያ ሁሉ ስንቱ ጸደቀ ብዬ አልጨቀጭቃችሁም። እኔ የምጠይቀው ስለ አንዱ ነው፤ እሱ ጸድቆ ነበር።

ደጃችሁ ላይ የሚውለበለበውን የክልሉን ሰንደቅ ዓላማ ቀና ብላችሁ እዩት። መካከሉ ላይ ያለው ኦዳ ነው። ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ጉባኤ የሚመክርበት፣ ሕግ የሚደነገግበት ጥላ። ከእሱ ሥር ቆማችሁ ነው እኔን ዛፍ ያሸከማችሁኝ።

ይቅርታ፣ ጨዋነቴ እያለቀብኝ ነው። እኔ ሌባ አይደለሁም! አንድ ስንዝር መሬት አልወሰድኩም፤ አላጠርኩም፤ አልሸጥኩም። እናንተ ልትሠሩት የሚገባችሁን በገዛ ገንዘቤ ሠራሁ፣ እናንተም በአደባባይ አዋረዳችሁኝ። የመብራት ሽቦ ይነካል፣ የፍሳሽ ቦይ ይሰነጥቃል ብትሉኝ በሰው ወግ እንነጋገር ነበር፤ ሽቦው የሚያልፈው በማዶ መሆኑንም አሳያችሁ ነበር። ፈቃድ ያስፈልጋል ካላችሁም ፈቃድ ሰጪው የትኛው ክፍል ነው? ያን ቀን በየበሩ ስዞር የዛፍ ፈቃድ የሚሰጥ አላገኘሁም። የዛፍ ቅጣት የሚቀበል ግን ወዲያው ተገኘ።

ወደ ልመናዬ ልመለስ። ዋንዛው መጨረሻ ሳየው ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ተጋድሞ ሥሩ ደርቋል፤ ስለዚህ እሱን አልጠይቅም። የከፈልኩት ቅጣት ይመለስልኝ። ጉድጓዱም እስካሁን ክፍት ነው፤ ባለፈው የገበያ ቀን አንዲት እናት ከነእንቁላሏ ልትወድቅበት ነበር። ወይ ድፈኑት፣ ወይ ሰኔ ሳይወጣ የምተክልበትን ፈቃድ ስጡኝ። መልሱን ልወስድ የምመጣው ባዶ እጄን ስለሆነ መጥረጊያ ማዘጋጀት አያስፈልጋችሁም።

ከሰላምታ ጋር፣
ፀሐይ በሚመታው በኩል ያለው ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት
ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከምስጋና ጋር