ኖራ

ኃላፊው አሮጌውን ቤት ሦስት ጊዜ ዞሩትና «ይኼማ አርጅቷል» አሉ። ቤቱ መልስ አልሰጠም። ግንበኛው አዛውንት ግን አፋቸው አያርፍም፦ «አርጅቶስ አይደለም ጌታው፤ ትንፋሽ አጥሮት ነው። ባለፈው ጊዜ ሲጠግኑት በሲሚንቶ አፍነውታል።»

ጎንደር ተወልዶ ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያሻም። የፋሲል ግንብ በኖራ የተያያዘ ነው። ጣሊያን ከተማዋን ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በያዘበት ጊዜ ግቢውን በሲሚንቶና በአርማታ «ጠገነው»፤ ኋላ የመጡ ጠጋኞች ያንን እየፋቁ ኖራን ወደ ቦታዋ መመለስ ነበረባቸው። ኖራ ከድንጋዩ ይልቅ ገር ናት፤ ግድግዳው ሲላወስ አብራው ትላወሳለች፣ የገባውን እርጥበትም ታስወጣለች። ሲሚንቶ ክንደ ብርቱ ነው፣ ጆሮ ግን የለውም። ውኃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ድንጋዩ ይላጣል። ከውጭ ለሚያየው ታዲያ ፍጹም ጸጥታ የሰፈነበት ግድግዳ ነው።

«ይኼ ስንጥቅስ?» አሉ ኃላፊው።

«ስንጥቅ የግድግዳ አቤቱታ ነው፤ መጀመሪያ ማድመጥ ነው።»

«መጀመሪያ መለሰን ነው! እንግዶች ቅዳሜ ይመጣሉ።»

ኖራ ደግሞ ችኮላ አትወድም። የተቃጠለው ድንጋይ ውኃ ሲነካው ይንተከተካል፣ ያፏጫል፤ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተከድና ትከርማለች። በቆየች ቁጥር ትበስላለች። ለቅዳሜ የሚደርሰው ሲሚንቶ ብቻ ነበር። ደረሰም።

የቤቱ እመቤት ለእድሳቱ ሲባል «ለጥቂት ቀን» እንዲወጡ ተደርገው ነበር። ቅዳሜ ሪባኑ ተቆረጠ፤ በሩ ላይ «የሕዝብ ቅርስ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ቁልፉ በጥበቃው ኪስ ገባ። እመቤቲቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከእንግዶቹ ኋላ ቆመዋል። «ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ቅዳሜ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ የጠየቀ ማንም የለም።

«አባባ፣ እስቲ ስለ ቤቱ አንድ ነገር ይበሉን» አሉ ኃላፊው። ግንበኛው ማንኪያቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና፦

ሲሚንቶው ገባና ቤቱ አማረበት፤
ስንቱን ዘመን ኖራ ወጥታለች ከዚህ ቤት።

ኃላፊው አጨበጨቡ። «ስለ ኖራ ነው አይደል? ድንቅ ነው! ይጻፍ!»

ሰኞ ተጻፈ፤ በሲሚንቶው ላይ፣ በዘይት ቀለም።