የእትዬ ጅቢት ሥልጠና

ተረት ተረት። የላም በረት።

ከጊንጪ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከደንዲ ተራራ ሥር፣ አራዊት የቆረቆሯት አንዲት ከተማ ነበረች። ከተማዋ ከንቲባ ነበራት፣ ባለሙያ ነበራት፣ ማኅተም ነበራት። ቆሻሻም ነበራት።

ቆሻሻውን የሚያነሡት ጅቦች ነበሩ። ጋሪውን የምትጎትተው አህያ ነበረች። ጅብና አህያ እንዴት ባንድ ሥራ ዋሉ ትሉ እንደሆነ፣ ኑሮ ነው ያስማማቸው። ደግሞም ደመወዝ የሚወጣው በወር መጨረሻ ነበርና እስከዚያ መበላላት አያዋጣም ነበር።

የጅቦቹ አለቃ እትዬ ጅቢት ይባሉ ነበር። እትዬ ጅቢት ፊደል አልቆጠሩም፤ ቆሻሻ ግን ያነብቡ ነበር። የትኛዋ እመጫት ገንፎ እንደበላች፣ ማን ጾም እንደገደፈ፣ ማን በግ አርዶ ጎረቤት ሳይጠራ እንዳለፈ፣ ፌስታሉ ሳይፈታ በአፍንጫቸው ያውቁ ነበር። አውቀው ግን አያወሩም። ለዚህ ነው ብዙ ዘመን በሥራው ላይ የቆዩት።

የከተማዋ ነዋሪ ያለውን ሁሉ ባንድ ፌስታል ያስራል፤ የድንች ልጣጭ፣ አመድ፣ ሃይላንድ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የብርጭቆ ስባሪ፣ የታመመ የተወጋበት መርፌ። አስሮ ከደጁ ያወጣዋል። ከደጁ የወጣ ነገር ከዚያ በኋላ የለም። ሌሊት ጅቦቹ መጥተው ይፈቱታል። ልጣጩ ለበጎች ይሄዳል፣ አመዱ ለእንሰት ሥር፣ አጥንቱ ለራሳቸው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ የተገኘ እንደሆነ ለአያ ጃርት ይቀመጥለታል። አያ ጃርት ቀን ቀን «ቆራሌው!» እያለ የሚዞር ነበር፤ ጠርሙሱን በሳጥን ሞልቶ ሲመልስ ሳንቲም ያገኛል፤ ሃይላንዱንም ጨፍልቆ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ከዚያ ላይ ለጅብ ግልገሎች ዳቦ ይተርፋል። የባትሪ ድንጋዩን የሚፈልገው አልነበረም። እትዬ ጅቢት ለብቻው በጣሳ ያጠራቅሙት ነበር፤ አንድ ጊዜ አንድ ግልገል ሲልሰው የደረሰበትን አይተዋልና። ይህን ሁሉ ያስተማራቸው የለም።

አንድ ክረምት ከተማዋ ገማች። ነዋሪው በዝቶ ነበር፣ ፌስታሉም በዝቶ ነበር፤ ጅቦቹ ግን እነዚያው ነበሩ። ከንቲባው አቶ ጎሽ ጉባኤ ጠሩና ባለሙያው አቶ ጉሬዛ ጥናት እንዲያጠኑ ታዘዙ። አቶ ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ካባ የሚለብሱ፣ ከዛፍ ወርደው የማያውቁ ምሁር ነበሩ። ጥናቱንም ያጠኑት ከዛፉ ላይ ሆነው ነው።

«ችግሩ የግንዛቤ እጥረት ነው» አሉ ሲያቀርቡ። «የጽዳት ሠራተኞቻችን ቆሻሻን ለይቶ የማስቀመጥ ግንዛቤ የላቸውም።»

ከሁሉ ጠንክሮ ያጨበጨበው አቶ ከርከሮ ነበር። ፌስታሉ ከሁሉ የሚከብደውም የእሱ ነበር።

ሥልጠናው በደንዲ ሐይቅ ዳር እንዲሆን ተወሰነ። ደንዲ ከላይ ሲያዩት ስምንት ቁጥር ይመስላል፤ ሁለት ሐይቅ ተነካክተው አንድ የሆኑበት ነው። ስለ መለየት ለማስተማር ይህ ቦታ ተመረጠ። ለአሠልጣኞች አበል ተከፈለ፤ ለሠልጣኞች ውሃ በሃይላንድ ታደለ። አቶ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ላይ ሆነው የሚበሰብስና የማይበሰብስ ምን እንደሆነ ለጅቦች አስረዱ። ጅቦቹም በጨዋነት አዳመጡ።

ማታ ላይ ባለ ካባዎቹ ሄዱ። ሃይላንዱ፣ የምሳው ፍርፋሪ፣ ንፋስ የቀደደው ባነር ሐይቁ ዳር ተቀላቅሎ ቀረ። ጅቦቹ ቀርተው እስኪነጋ ለዩት። በሪፖርቱ ላይ «ሠልጣኞች የተግባር ልምምድም አድርገዋል» ተብሎ ተጻፈ።

ከዚያ ሦስት ቅርጫት ተገዛ። አረንጓዴው ለሚበሰብሰው፣ ቢጫው ለደረቁ፣ ቀዩ ለአደገኛው። ያማሩ ቅርጫቶች ነበሩ። ጅቦች ግን የሚሠሩት ሌሊት ነው፤ ሌሊት ሦስቱም ጥቁር ናቸው። ይህ ለአቶ ጉሬዛ ሲነገራቸው ጊዜ አላባከኑም፤ ሁለተኛ ዙር ሥልጠና አዘጋጁ፤ ርዕሱም «ቀለማትን መለየት» ተባለ። የተሰጠው በቀን ስለነበር ሁሉም አለፉ። ለእያንዳንዳቸው የምስክር ወረቀት ተሰጠ፤ ዝናብ እንዳያበላሸው በፕላስቲክ ተለብጦ።

እትዬ ጅቢት ወረቀታቸውን አገላብጠው አዩት። «ጌታዬ፣ ይኼ ያረጀ ዕለት የየትኛው ቅርጫት ነው? ውስጡ ወረቀት ነው፣ ላዩ ፕላስቲክ፤ አይላቀቅም» አሉ።

«እጅግ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ አቶ ጉሬዛ፤ ወደሚቀጥለው ጠያቂም አለፉ።

የሥልጠናው ወሬ ከተማዋን አዳረሰ። ቀድሞ አንዳንድ ቤት ስባሪውን በጨርቅ ጠቅልሎ ያወጣ ነበር፤ ሚዳቋማ አመዱን እንኳ ለብቻው ታወጣ ነበር። አሁን ግን «የሠለጠነ እያለ እኛ ምን አደከመን?» ተባለና ሁሉም ባንድ ፌስታል ሆነ፤ ስባሪው ከገንፎ ጋር፣ መርፌው ከሽሮ ጋር። አንዲት ወጣት ጅብ መዳፏ እስከ አጥንቱ ተቆረጠ። ከተማው አልጨከነም፤ ጓንት ገዛ። ጓንቱ ሁሉ የግራ ነበር፤ በጨረታው የረከሰው እሱ ነውና።

ቀጥሎም የተለየ ቆሻሻ የከተማው ሀብት ነው ተብሎ መመሪያ ወጣ። አያ ጃርት ፈቃድ ስለሌለው «ቆራሌው!» ማለት ተከለከለ። ጠርሙሱ ቢጫው ቅርጫት ውስጥ ቀረ፤ የግልገሎቹም ዳቦ እንዲሁ።

ቅርጫቶቹ ሲሞሉ የሚያነሣ ጠፋና ከቆላ ዝሆን በኮንትራት መጣ። ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል። ኩምቢውን ዘርግቶ አረንጓዴውን አነሣ፣ ዋጠ። ቢጫውን አነሣ፣ ዋጠ። ቀዩንም እንዲሁ። ከዚያ ሄዶ ከጅቦቹ ዋሻ በላይ ካለው ገደል አፋፍ ያራግፈዋል።

እትዬ ጅቢት ነጠላቸውን አስተካክለው አቶ ጉሬዛ ዛፍ ሥር ሄዱ። «ጌታዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስንለየው አድረን፣ አያ ዝሆን ባንድ ሆድ ከተተው።»

አቶ ጉሬዛ አልተቆጡም። «እትዬ ጅቢት፣ የሥራ ክፍፍል ነው። መለየት የእናንተ ድርሻ ነው፤ መቀላቀል የእሱ።»

በዚያ ሰሞን ቁራ ከአዲስ አበባ ተመለሰ። ቁራ ዋሽቶ የሚታወቅ ወፍ ነው፤ የዚያን ቀን ያወራው ግን እውነት ነበር። የሰዎቹ ከተማ ረጲ ላይ ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻዋን ስትከምር ኖራለች አለ፤ ቦታውን ቆሼ ይሉታል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ክምሩ ተናደና ሥሩ በነበሩት ጎጆዎች ላይ ወረደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ እዚያው ቆሻሻ አንድዶ መብራት የሚያወጣ ታላቅ እቶን ተመረቀ። እርጥብ ልጣጭና ደረቅ ወረቀት ግን እቶን ውስጥም አይስማሙም አለ ቁራ፤ ጉልቻ ላይ እርጥብ እንጨት የማገደ ያውቀዋል።

ጉባኤው ተነሥቶ የኅሊና ጸሎት አደረገ። ሲቀመጡ አቶ ከርከሮ እጁን አወጣ።

«ከኛ ክምር ሥር የሚኖሩት እነማን ናቸው?»

«ጅቦቹ ናቸው» ተባለ።

«እንግዲያውስ ስለ ክምር አደገኛነት ለጅቦቹ ግንዛቤ ይሰጣቸው።»

በሙሉ ድምፅ አለፈ። ዝሆኑም በማክሰኞው መጥቶ ክምሩ ላይ ጨመረበት።

ከሦስተኛው ዙር ሥልጠና በኋላ ነው፣ እትዬ ጅቢት አንድ ፌስታል ሲፈቱ ቆሎ የተጠቀለለበት፣ ሽሮ የፈሰሰበት ወረቀት ያገኙት። ከማን ቤት እንደወጣ አሽትተው አወቁ፤ አልተናገሩም። ለእንኮዬ ጦጢት አሳዩዋት፤ እሷ ታነብባለችና። እንኮዬ ጦጢት መነጽሯን ሰክታ አነበበችና ወደ ጉባኤው እየሮጠች ሄደች።

ወረቀቱ የሰዎች የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ነበር፤ ቁጥሩ 513/1999። ተመልሶ ለጥቅም የሚውለውን ቆሻሻ ከሚጣለው እንዲለይ የሚገደደው የእያንዳንዱ ቤተሰብ ኃላፊ ነው ይል ነበር። ጠራጊ አላለም። ጅብም አላለም።

ረዥም ዝምታ ሆነ። ከዚያ አቶ ጎሽ «የሰው ሕግ ቢሆንም ጥሩ ሕግ ነው፤ እንቀበለው። ለመሆኑ ከመካከላችን ቤት ኖሮት የቤተሰብ ኃላፊ የሚባል ማነው?» አሉ።

አቶ ከርከሮ «እኔ ያለሁት ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ቤት አይባልም» አለ። ሚዳቋ «እኔ ቁጥቋጦ ሥር ነው የማድረው» አለች። አቶ ጎሽ ራሳቸው ሜዳ አዳሪ መሆናቸውን አስታወሱ። አቶ ጉሬዛ ከላይ ሆነው «ቅርንጫፍ በሕግ ቤት ተብሎ አይተረጎምም» አሉ። ሲጣራ፣ ጣሪያና በር ያለው ዋሻ የነበራቸው ጅቦቹ ብቻ ሆነው ተገኙ።

«እንግዲህ የቤተሰብ ኃላፊ የተባሉት እነሱ ናቸው» ተብሎ ተወሰነ።

አሁን የቀረው ወረቀቱ ነው። አንድ ነገር ከተገኘ ከሦስቱ ቅርጫት ባንዱ መግባት አለበት። ወረቀት ስለሆነ ቢጫ ነው ያሉ ነበሩ። ሽሮ ስላለበት አረንጓዴ ነው ያሉም ነበሩ። አቶ ከርከሮ ደግሞ ይህን የመሰለ ወረቀት በየሰዉ እጅ መግባቱ አደገኛ ነውና ቀይ ውስጥ ይግባ አለ። ክርክሩ እስከ ምሽት ቆየ። አጥኚ ኮሚቴ ሊቋቋም ሲል እትዬ ጅቢት ከበር አካባቢ ተነሡ፣ ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ሽሮውን ከዳር እስከ ዳር ላሱት፣ እፍ እፍ ብለው አደረቁት።

«ደረቅ ነው» አሉና ቢጫው ውስጥ አስቀመጡት።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አቶ ጉሬዛ ሥልጠናው ፍሬ ማፍራቱ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላቸው ጠየቁ፤ ተያዘላቸው።

ማግስቱ ማክሰኞ ነበር።