ግላሱ ለፎቶ፣ ሰኮናው ለማን?

ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱ ከሙሽራ በላይ ያጌጣል። ግላሱ ምን፣ ዛቡ ምን! የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የዓድዋ ፈረሶች ውለታ በየዓመቱ ይዘከራል። እሰየው፣ ይዘከር! ግን ጥር 24 ያ ፈረስ የት እንዳለ ጠይቁኝ። ገጣባ ጀርባውን ዝንብ ወርሮት አጥር ሥር ቆሟል።

የዘንድሮ ወጣት መጋለብ እንጂ ፈረስ ማየት አያውቅም። የልጅ ልጄን «ና እስቲ ሰኮናውን አንሣ» ብለው «አባባ፣ ይራገጣል እኮ!» አለኝ። ይራገጣላ! እግሩን ነክቶት የማያውቅ ሰው ድንገት ሲይዘው ምን ያድርግ፣ ይሳለም? እኔው አነሣሁት። ስንጥቁ ውስጥ ጠጠር ተሰክቷል፤ ዙሪያው እበት ጋግሯል፤ ግማቱ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ልጁ ስልኩን ደቅኖ ይቀርጻል! ሰኮና በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ግድም ያድጋል፤ ካልተሞረደ ይሰነጠቃል፣ አረማመድ ያበላሻል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል ነበር፤ በዚህ አያያዝማ ማድረሱንም ይተዋል።

ሆዱን ያመመው ዕለት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ ዘይት፣ አንዱ አረቄ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ብረት ያግላል። ፈረስ ማስመለስ አይችልም ብላችሁ ማን ይሰማችኋል? ገብስ ሲበዛበት ሆዱ ይነፋል እንጂ በአፉ አይወጣለትም። በግድ የሚያንቆረቁሩለት አረቄም ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሐኪም የሚጠራው ፈረሱ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ከሞተም «ሐኪሙ ገደለው» ይባላል።

የአፍሪካ ፈረስ በሽታንስ ማን ያስባል? ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ያመጡታል፤ ከዓይኑ በላይ ያለውን ጎድጓዳ ያሳብጠዋል፣ በአፍንጫው አረፋ ያስደፍቀዋል። ያኔ የሚቀረው ጸሎት ነው። ክትባቱ እኮ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል! ጎረቤቴን «አስከተብህ?» ስለው «ፈረሴ ጤነኛ ነው» ይለኛል። ክትባት ለታመመ ነው እንዴ?

ድሮ መሪና ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ተባሉ። እናንተ ዛሬ በፈረሳችሁ ብትጠሩ አባ ገጣባ፣ አባ እከክ ነበር የምትባሉት። አታፍሩም?

ለግላስ ከምታወጡት ላይ ለሐኪም ቀንሱለት። ሰኮናውን በየቀኑ አንሥታችሁ ጥረጉ። ኮርቻ ከመጫናችሁ በፊት ጀርባውን ዳብሱ። ንጹሕ ውኃ አታሳጡት፤ ክረምት ሳይገባ አስከትቡት። ይህ የከበደው ሰው በእግሩ ይሂድ።