ኧረ የካውያ ያለህ!

ደባርቅም ሆነ ዳባት፣ ሁለት ልብስ ሰፊዎች ከተገናኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ ካውያ ላይ ያርፋል። የጨርቅ ዋጋ ያማርረናል፣ የክር ጥራት ያበሳጨናል፤ እነሱን ግን እንደምንም ችለናቸዋል። ያንገፈገፈን ካውያው ነው። ከጎንደር አራዳ የተገዛው፣ ከመርካቶ በሰው የተላከው፣ እዚሁ ሱቅ የተገኘው፣ ሁሉም ክረምትና በጋ ሳያገናኝ ይሞታል።

ሰፊ ያልሆነ ሰው ምሬታችን ላይገባው ይችላል። ቤት ውስጥ ካውያ የሚነሳው ሸሚዝ ለመተኮስ ነው፣ ያውም አልፎ አልፎ። እኛ ዘንድ ግን የስፌቱ ግማሽ ካውያ ነው። ኮሌታ ሳይገለበጥ ይተኮሳል፣ ከተገለበጠም በኋላ ይተኮሳል። የሱሪ የጎን ስፌት ግራና ቀኝ ተከፍቶ ካልተተኮሰ፣ መኪናው የቱንም ያህል ቀጥ አድርጎ ቢሰፋው ልብሱ ገላ ላይ ይሸበሸባል። ለኮሌታ ማጠንከሪያ የሚገባው ሙጫ ያለበት ጨርቅ ደግሞ ሙቀትም ክብደትም ይፈልጋል። ተጭኖ ካልቆየ በመጀመሪያው እጥበት ይላቀቅና ኩፍ ይላል። ያኔ ደንበኛው ሰፊውን እንጂ ካውያውን አይወቅስም።

አሁን ገበያውን የሞላው ካውያ ላዩ ያብለጨልጫል፣ ሲያነሱት ግን ክብደት የለውም። ካርቶኑ ላይ ሁለት ሺህ ምናምን ዋት ተብሎ ተጽፎበታል። የታችኛው ብረት ግን ስስ ስለሆነ ሙቀት አይዝም፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ ባረፈበት ቅጽበት ይበርዳል፣ እስኪግል ደግሞ ቆመን እንጠብቃለን። የታወቀ ድርጅት ስም ተለጥፎበታል፤ ፊደሉን ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን አንዷን ተቀይራ ያገኛታል። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለው ይሄ ነው።

እኔ ባለፈው የገዛሁትን ሻጩ «ኦሪጂናል ነው፣ ጋራንቲ አለው» ብሎ ነበር የሰጠኝ። ማስተካከያው ላይ ያሉት ነጥቦች ትርጉማቸው የታወቀ ነው፤ አንድ ነጥብ እስከ 110 ዲግሪ፣ ሁለት ነጥብ እስከ 150፣ ሦስት ነጥብ እስከ 200። የሙሽራ እናት ቀሚስ ስለነበረ አንዱ ነጥብ ላይ አድርጌ፣ ጨርቁንም ገልብጬ በውስጥ በኩል አስነካሁት። ለካስ ውስጡ ያለው ቴርሞስታት ተጣብቆ መብራቱን መቁረጥ ትቶ ኖሯል። ጥጡ ምንም አልሆነም። ጥለቱ ግን የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክር ነበረበትና ዓይኔ እያየ ተኮማተረ፣ ደረቀ፤ የቀለጠውም ክር ብረቱ ላይ ጠቁሮ ተጣበቀ። የቀሚሱን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ። ጋራንቲውን ይዤ ብሄድ «ይሄ የአጠቃቀም ችግር ነው» ተባልኩ። ይህን የመሰለ ታሪክ የሌለው ሰፊ ከዳባት እስከ ደባርቅ ይኖራል ብዬ አላምንም።

ካውያው ደህና ቢሆን እንኳ መብራቱ አለ። ዕቃው የተሠራው ለ220 ቮልት ነው። አመሻሽ ላይ ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ ኃይሉ ይወርዳል፣ አምፖሉም ይደበዝዛል። ወደ 160 ቮልት ቢወርድ የአንድ ሺህ ዋት ካውያ የሚሰጠው 530 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ቮልቱ ከሩብ በላይ ሲቀንስ ሙቀቱ በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ። በግማሽ ሙቀት ካኪ አይተኮስም። በአንድ ቆጣሪ ተደርድረን የምንሠራ ደግሞ ሁለታችን ካውያ ከሰካን ቆጣሪው ይጥላል፤ ስለዚህ ተራ እንጠባበቃለን። በእግር የሚረገጠው ሲንጀር መብራት አይፈልግም፣ መብራት ጠፍቶም ይሰፋል። የተሰፋው ግን ሳይተኮስ ይከመራል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በሚጣደፍበት በመስከረም ዋዜማ ይህ ሲሆን ወላጅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ እኛም የምንለው ይጠፋናል።

ወደ ከሰል ካውያ ተመለሱ የሚሉን አሉ። የከሰል ካውያ ክብደቱ መልካም ነው፣ ሙቀትም ይይዛል፤ ለሱሪ እጥፋትና ለሱፍ እስካሁን የሚተካከለው አላየሁም። ነገር ግን ነጭ ነጠላ ላይ አንዲት ፍንጣሪ ካረፈች አለቀ። ከሰሉም በክረምት ይረጥባል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች፣ የሰሜን ተራሮች ብርድ የሚወርድባት ከተማ ናት። ብርዱ ሲጠና በር ይዘጋል። በጠባብ ሱቅ ውስጥ በር ተዘግቶ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ መጀመሪያ ራስ ያዞራል፣ ከዚያ ይገድላል። እባካችሁ፣ በከሰል የምትተኩሱ፣ ብርዱን ቻሉትና በሩን ክፈቱት።

የእንፋሎቱ ካውያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የቧንቧው ውሃ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ያጋግርበትና ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ አንድ ቀን ታዲያ ቡናማ ውሃ ሸሚዙ ላይ ይተፋል። አንዳንዱ ሳይነኩት ከቆየ በራሱ ይጠፋል፤ ተጋድሞ ከሆነ በ30 ሰከንድ፣ ቆሞ ከሆነ በ8 ደቂቃ። ለቤት ደህንነት ጥሩ ነው፣ ለእኛ ግን አይሆንም፤ እጅጌ ሰፍተን ዘወር ስንል በርዶ ይጠብቀናል። እኔን ብትጠይቁኝ ቀዳዳ የሌለው ከባድ ደረቅ ካውያና የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

ዘመድ ይልካል እንዳይባል፣ ከአሜሪካ የሚመጣው የ120 ቮልት ነው። እዚህ ሶኬት ላይ በቀጥታ ሲሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስብና ወዲያው ይቃጠላል። የዱባዩ ቮልቱ ይስማማል፤ ስፒናው ግን ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ አለውና በአዳፕተር ይሰካል። አዳፕተሩ ላላ ካለ ይግላል፣ ይቀልጣል። የላኩት ሰዎች ልባቸው ለእኛ ነው፣ ይህን ግን የሚነግራቸው አላገኙም።

ዋጋውን ባላነሳው ደስ ባለኝ። ብር በገበያ እንዲመራ የተወሰነው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ካውያ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። የመስፊያ ዋጋችንን በዚያው ልክ እንዳንጨምር ገበሬው ደንበኛችን ከየት ያመጣል?

አስመጪዎች ይህን ቢያነቡልኝ የምለምናቸው ብዙ አይደለም። ቀለሙ ይቅር፣ እንፋሎቱም ይቅር። አንድ ሺህ ዋት ገደማ የሆነ፣ ወፍራም ብረት ያለው፣ በብሎን የሚፈታ ካውያ አምጡልን። የአሁኑ አካሉ በፕላስቲክ ስለተጣበቀ ጠጋኙ ሲከፍተው ይሰበራል። ከካውያው ጋር ለብቻቸው የሚሸጡ ሬዚስታንስና ቴርሞስታት አብራችሁ ጫኑ። ከደባርቅ ጎንደር ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ለምንገዛው መለዋወጫ ዋጋውን አንከራከራችሁም።