የሶፍትዌር ፈቃድ እድሳት አፈጻጸም
በቦሌ ሕንፃዎች ውስጥ የሶፍትዌር ፈቃድ እድሳት በአራት ደረጃ ይከናወናል። አንደኛው ማስታወሻ ነው፤ ውሉ ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው ኢሜይል ይመጣል፣ የሚደርሰውም ሥራ ለለቀቀ ባለሙያ ነው። ሁለተኛው ግዥ ነው፤ ሻጩ አንድ ቢሆንም ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ሦስተኛው በጀት ነው፤ ዕቅዱ በብር ይጻፋል፣ ሂሳቡ በዶላር ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ሰኔ ላይ የጸደቀው ዕቅድ ግን ጽኑ ነውና ንቅንቅ አላለም። አራተኛው፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ዊንዶውስ አክቲቬት ይደረግ የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ ብቅ ሲል የሚጠራው አስቸኳይ ስብሰባ ነው። ስብሰባውም ለከርሞ ቀደም ብሎ እንዲታቀድ በሙሉ ድምፅ ወስኖ ይበተናል።