ይድረስ ለእትዬ፦ ስለ ዋይፋዩ ነገር

ውድ እትዬ፣

በላኩልኝ የድምፅ መልእክት «አልጋ ለሚይዙት ሰዎች ዋይፋዩን ላስከፍል ወይስ በነፃ ልልቀቅላቸው? አንተ አሜሪካ ሆቴል ስለምትሠራ ታውቃለህ» ብለውኛል። ዋሽንግተን አጠገብ በሌሊት ፈረቃ ሪሴፕሽን ላይ ቆሜ የማድር ሰው ስለሆንኩ፣ ከዚህ የበለጠ የማውቀው ነገር የለም።

እዚህ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አውራ ጎዳና ዳር ያለ፣ ምንጣፉ ሲጋራ ሲጋራ የሚሸት ርካሽ ሞቴል ዋይፋይ በነፃ ይሰጣል፤ ቁርስም ይመርቃል። በሩን ባለ ጓንት ዘበኛ የሚከፍትበት ትልቅ ሆቴል ግን ሲያስከፍል ኖሯል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አይቸግርም። የሞቴሉ እንግዳ የሚከፍለው ከኪሱ ነው፤ ጥቂት ዶላር ከተጨመረበት መኪናውን አስነስቶ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ለትልቁ ሆቴል እንግዳ የሚከፍልለት ግን መሥሪያ ቤቱ ነው፤ እሱ ደረሰኙን ብቻ ይይዛል። ድሮ ከክፍሉ ስልክ ይገኝ የነበረውን ትርፍ ሞባይል ሲያስቀርባቸው፣ ባለ ሆቴሎቹ ዓይናቸውን ኢንተርኔት ላይ ጣሉ።

እኔ የምሠራበት ቤት ሎቢው ነፃ ነው፤ መኝታ ክፍል ውስጥ ያስከፍላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሎቢውን ቢያዩት በሳቅ ይፈርሳሉ። ያን የመሰለ ውድ አልጋ የተከራዩ የተከበሩ ሰዎች፣ የሆቴሉን ነጭ የመታጠቢያ ካባ እንደለበሱ፣ በነጠላ ጫማ ሶፋው ላይ ተደርድረው ላፕቶፕ ይነካካሉ። ባለፈው አንዱ ትራሱን ይዞ ወረደ። ልክፈል ያለውም ለስልኩ ለብቻ፣ ለላፕቶፑ ለብቻ ይጠየቃል። በዚያ ላይ ዓይነቱ ሁለት ነው፦ ኢሜይል የሚያሳየው ዘገምተኛና ፊልም የሚያሳየው ፈጣን። «ዘገምተኛው ምን ያህል ይዘገያል?» ሲሉኝ ፈገግ እላለሁ፤ ፈገግታው ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

«ታዲያ በገዛ ስልካቸው አይጠቀሙም?» ይሉኝ ይሆናል። እሱንም የከለከለ አለ። ናሽቪል ከተማ የሚገኘውና ማሪዮት የተባለው የሆቴል ኩባንያ የሚያስተዳድረው ጌይሎርድ ኦፕሪላንድ ሆቴል፣ ለስብሰባ የመጡ ሰዎች ከስልካቸው የሚያወጡትን ዋይፋይ ይቆርጥባቸው ነበር። የሆቴሉን ዋይፋይ ለሚፈልግ ደግሞ ዋጋው በአንድ መሣሪያ ከ250 እስከ 1,000 ዶላር ነበር። የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደረሰበትና እ.ኤ.አ. በ2014 ማሪዮት 600,000 ዶላር ከፈለ።

ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ትልልቅ ሆቴሎች ለአባሎቻቸው በነፃ ለቀዋል። አባል መሆን ማለት ኢሜይልዎን ሰጥተው እስከ ዕለተ ሞትዎ ማስታወቂያ መቀበል ነው። ላስ ቬጋስ ደግሞ «የሪዞርት ክፍያ» የሚባል አለ፤ ኢንተርኔቱ፣ ጂሙና የከተማ ውስጥ ስልክ ጥሪው አንድ ላይ ተጠቅልለው ይመጣሉ። የጂሙን በር ያላየም፣ በክፍሉ ስልክ ማንንም ያልጠራም ይከፍላል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት! ከግንቦት 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ደንብ ጠቅላላው ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲታይ ያስገድዳል እንጂ ክፍያውን አልከለከለም።

ስለዚህ እትዬ፣ ምክሬን ከጠየቁኝ አያስከፍሉ። የመስመሩን ወጪ የአልጋው ዋጋ ላይ ትንሽ ትንሽ ጣል ያድርጉበትና «ዋይፋይ አለን» ብለው በር ላይ ይጻፉ። ለዋይፋይ ብለው ለብቻ ሃያ ብር የተቀበሉ ዕለት፣ መብራት ሲሄድም፣ መስመር ሲቋረጥም ባለ ዕዳዋ እርስዎ ነዎት። በነፃ ያገኘ እንግዳ ኔትወርኩን ይረግማል፤ የከፈለ ግን በሌሊት የእርስዎን በር ያንኳኳል። እኔ በሌሊት የሚንኳኳ በር ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ፤ ደመወዜም ለእሱ ነው።

ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ራውተር ሰው ሲመጣ እልክልዎታለሁ። የይለፍ ቃሉን ብቻ ለጎረቤት ልጆች እንዳይነግሩ፤ እነሱ እንደሆነ አልጋ አይከራዩም።

አክባሪ ወንድምዎ