ከቦሌ እስከ ደለስ፦ የበርበሬ ድርሻ ሲመረመር

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ላይ ምሁራን አይከራከሩም። ክርክሩ ጉዞው ስንት ሰዓት ይፈጃል በሚለው ነው።

የመጀመሪያው የስሌት ዘዴ መቀነስ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከቦሌ የተነሣ መንገደኛ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ደለስ ከገባ፣ በረራው 10 ሰዓት ፈጀ ማለት ነው። የመንገደኛው ወገብ ግን 17 ነው ብሎ ይመሰክራል። መሐል የጠፋው የሁለቱ አገሮች የሰዓት ልዩነት ነው፤ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8። ሁለተኛው የእናት ዘዴ ይባላል። ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር «8 ሰዓት ላይ ገባሁ» ብሎ ሲደውል፣ እናት ከ4 እስከ 8 በጣታቸው ቆጥረው ልጃቸው በ4 ሰዓት አሜሪካ መግባቱን ለጎረቤት ያበሥራሉ። በዓመተ ምሕረት የሚያሰላው ሦስተኛው ዘዴ በ2017 ተነሥቶ በ2025 የደረሰ መንገደኛ ስለሚያስገኝ፣ ለቪዛው ሲባል አንመክረውም።

ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ሲመለስ 13 ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርፍ የሚበር አውሮፕላን፣ ሲሄድ ለምን መንገድ ላይ ነዳጅ ይቀዳል? አንድ ሰሞን ሮም፣ ሌላ ሰሞን ደብሊን ሲያርፍ ኖሯል። ቀድሞ የተጠረጠረው በርበሬ ነው። ለአንድ ሰው ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ከተፈቀደ፣ 300 መንገደኛ 13,800 ኪሎ ይጭናል፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ እንዲሁም «ትንሽዬ ናት» ተብላ በመጨረሻው ሌሊት የምትመጣ አደራ። (አደራ ላኪው ቤት አንድ ኪሎ፣ ቦሌ ሚዛን ላይ ሦስት ኪሎ የሚሆን ብቸኛው ቁስ ነው።) ሻንጣ አልበቃ ብሎ ተደራርቦ የተለበሰው ልብስ እዚህ አልተቆጠረም።

መላምቱ ያማረ ነበር፤ የመልሱ ሻንጣ ሲፈተሽ ግን ወደቀ። ከደለስ የሚነሣውም ጫማ፣ ቫይታሚን፣ ሽቶና የሌላ ሰው ላፕቶፕ ታጭቆበት ልክ 23 ኪሎ ነው። ጥፋተኛው ቦሌ ራሱ ሆኖ ተገኘ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ያንሰዋል። ስለዚህ ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት አይሆንም። ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ከምዕራብ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል።

በርበሬ በነጻ ተሰናብቷል። የአደራ ጉዳይ ግን ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ሰሞኑን ወደ ደለስ የሚሄድ አንባቢ ካለ ለጥናቱ ይተባበረን፤ ሁለት ኪሎ ሽሮ ብቻ ናት።